በሌላ አገር ሰርቨር ላይ የሚኖር ዓለም፦ የኤምኤምኦ ጨዋታዎች አሠራር፣ ዋጋቸውና የሰሜን ሸዋ ጀማሪ ተጫዋች

አማዞን «ኒው ወርልድ» ለተባለው የኦንላይን ጨዋታው ከእንግዲህ አዲስ ይዘት እንደማያዘጋጅ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አስታውቋል። ጨዋታው በ2021 በወጣ ሰሞን በስቲም መደብር በኩል ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተውበት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በወጣው ማስታወቂያ ግን ኩባንያው የገለጸው ሰርቨሮቹን እስከ 2026 ማብቂያ ክፍት ለማቆየት ማሰቡን ነው። ዜናው ተጫዋቾችን ያሳሰበው አንድ ጨዋታ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ አይደለም። ሰው ዓመታት የደከመበት ገጸ ባሕርይ፣ ያጠራቀመው ንብረትና የመሠረተው ማኅበር እርሱ በሌለበት በሚተላለፍ ውሳኔ ሊጠፋ እንደሚችል ስላሳየ ነው።

በአገራችን ንግግሩ ሌላ መልክ አለው። በ2016 ዓ.ም. «ሐምስተር ኮምባት» የተባለው የቴሌግራም መጫወቻ በወጣቶች ስልክ ላይ ከተዛመተ ወዲህ፣ «የኦንላይን ጌም» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናም ሆነ በመሐል ሜዳ ልጃቸው ስልኩን እንደያዘ የሚያመሽባቸው ወላጆች ደግሞ ስለ ሱስ ይጨነቃሉ። በሁለቱም ወገን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፦ ስክሪን እየነኩ ሳንቲም የሚያጠራቅሙበት የቴሌግራም መጫወቻ፣ እንደ ፐብጂ ሞባይል ያለ በደቂቃዎች የሚያልቅ ግጥሚያ፣ እንዲሁም ዓመታት የሚወስደው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን ነው። ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

በዘርፉ ኤምኤምኦአርፒጂ፣ በአጭሩ ኤምኤምኦ የሚባለው ጨዋታ ሁለት ባሕርያት አሉት። አንደኛው፣ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ሙያና ችሎታውን ቀስ በቀስ ያሳድጋል፤ የዕድገቱ ደረጃ ሌቭል ይባላል። ሁለተኛው፣ ይህ ገጸ ባሕርይ የሚኖርበት ዓለም በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ሰዎችም በአንድ ጊዜ የሚገኙበትና ተጫዋቹ ስልኩን ዘግቶ ሲተኛም የማይቆም ነው። በፐብጂ ግጥሚያው ሲያልቅ ሜዳው ይጠፋል፤ በኤምኤምኦ ግን ዛሬ የተሸጠ ሰይፍ ነገ በሌላ ሰው ወገብ ላይ ይገኛል።

የዘርፉ ታሪክ ብዙዎች ከሚገምቱት ይረዝማል። ሮይ ትሩብሾውና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ሙድ የተባለውን፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራውን የጋራ ዓለም ጀመሩ። ሥዕል ያላቸው ትላልቅ ዓለማት የመጡት በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው፤ አልቲማ ኦንላይን በ1997፣ የኮሪያው ሊኒየጅ በ1998፣ ኤቨርክዌስት በ1999። በ2001 ሩንስኬፕ፣ በ2003 የአይስላንዱ ኢቭ ኦንላይን፣ በ2004 ደግሞ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ተከተሉ። የመጨረሻው በ2010 ወርሃዊ ክፍያ የሚከፍሉ 12 ሚሊዮን ደንበኞች ደርሶ ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬም ክፍት ናቸው፤ ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ከኒው ወርልድ ዜና ተነሥቶ «ዘርፉ እየሞተ ነው» ወደሚል ድምዳሜ የሚሮጥ ስላለ ነው። እየተዘጉ ያሉት በብዛት ከነባሮቹ ተጫዋች ለመንጠቅ በከፍተኛ ወጪ የተሠሩ አዳዲሶቹ ናቸው። ነባሮቹ ዕድሜ ያገኙበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰው ወዳጆቹና የዓመታት ድካሙ ያሉበትን ዓለም ትቶ ባዶ እጁን ወደ ሌላ አይሄድም።

ዓለሙ የሚገኘው ሰርቨሩ ውስጥ ነው

ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር፣ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የጫነው ፕሮግራም ጨዋታው ራሱ አለመሆኑን ነው። የተጫነው ፕሮግራም ሥዕሉንና ድምፁን ያሳያል፣ የተጫዋቹንም ትእዛዝ ይልካል። ምቱ ማረፉን፣ ጭራቁ መሞቱን፣ ወርቁ የማን ኪስ እንደገባ የሚወስነው ሰርቨር የሚባለው የኩባንያው ኮምፒውተር ነው። አሠራሩ እንዲህ የሆነው በዋነኛነት ማጭበርበርን ለመከላከል ነው። የወርቁ መጠን በተጫዋቹ ስልክ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ስልኩን መክፈት የሚችል ሁሉ ራሱን ባለጸጋ ያደርግ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ የጋራ ገበያ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከዚህ አንድ ውሳኔ ብዙ ነገር ይከተላል። ኢንተርኔት ከሌለ ጨዋታው የለም። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ምላሹ ይዘገያል። የሰርቨሩ ባለቤት ሥራውን ሲያቆም፣ የተከፈለበት ፕሮግራም በእጅ ቢኖርም ዓለሙ ይጠፋል። ተጫዋቹ ሲመዘገብ «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው ውልም ገጸ ባሕርዩና ዕቃው የኩባንያው ንብረት እንደሆኑ፣ ለተጫዋቹ የተሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ በአብዛኛው ይደነግጋል። ስለዚህ ጀማሪው «የቱ ጨዋታ ያምራል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነና በምን ገቢ እንደሚተዳደር ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከሰሜን ሸዋ ለሚጫወት ሰው እነዚህ ጥያቄዎች ለንደን ወይም ሴኡል ካለው ተጫዋች ይልቅ ይከብዳሉ።

ከደብረ ብርሃን እስከ አምስተርዳም

ከተጫዋቹ የተላከ ትእዛዝ ሰርቨሩ ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ፒንግ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ላግ የሚባለው ደግሞ ይህ መዘግየት በዓይን ሲታይ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ይቆማል፣ ወይም ወደ ኋላ ተስቦ ይመለሳል። በጌም ቤቶች ላግ ሲከሰት ጥፋቱ ሁሉ በኔትወርኩ ላይ ይደፋል። ይህ በከፊል ብቻ ነው ትክክል፤ የመዘግየቱን አንድ ክፍል የትኛውም ቴሌኮም ሊያስቀረው አይችልም።

ምሳሌ እንውሰድ። አልቢየን ኦንላይን የተባለው በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ ጨዋታ በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ሰርቨሩን አምስተርዳም ላይ ከፍቷል። ከደብረ ብርሃን እስከ አምስተርዳም በቀጥታ መስመር 5,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ57 ሚሊሰከንድ አያንስም። እውነተኛው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ገመድ መውጣት አለበት፤ በየመገናኛ ጣቢያው ይቆያል፤ በመጨረሻም በሞባይል ማማ በኩል የሚያልፈው ክፍል የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ስለዚህ ከመቶ ሚሊሰከንድ በእጅጉ የሚበልጥ ፒንግ ማየት የብልሽት ምልክት አይደለም። ተጫዋቹ ጓደኛው ስላለበት ብቻ የአሜሪካውን ሰርቨር ከመረጠ ደግሞ ርቀቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ በአንዱ ሰርቨር የተሠራ ገጸ ባሕርይ በሌላው ስለማይገኝ ምርጫው መታረም ያለበት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። ሰርቨሮች የዓለሙን ሁኔታ የሚያድሱት በተወሰነ ምት ነው፤ ይህ ምት ቲክ ይባላል። የሩንስኬፕን የድሮ መልክ ይዞ በሚቀርበው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ አንድ ቲክ 0.6 ሰከንድ ነው። በኢቭ ኦንላይን አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው። በፋይናል ፋንታሲ 14 መሠረታዊ ምቶች የሚደጋገሙት በ2.5 ሰከንድ ልዩነት ነው። ሰርቨሩ ራሱ በየ600 ሚሊሰከንዱ ብቻ የሚያስብ ከሆነ፣ የ200 ሚሊሰከንድ ፒንግ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ብዙም ወደ ኋላ አይቀርም። በአንጻሩ በእያንዳንዱ ቅጽበት ማምለጥና መመከት በሚጠይቁ፣ ውጊያቸው እንደ አክሽን በሆኑ ጨዋታዎች ያው ፒንግ ሽንፈትን ያመጣል። ለእኛ አካባቢ ዝግተኛ ምት ያላቸውን ጨዋታዎች የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ አይደለም።

ከፒንግ መጠን ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ፒንግ ሁልጊዜ 180 ከሆነ እጅ ይለምደዋል፤ አንዴ 120፣ አንዴ 900 ከሆነ ግን ምንም ልምድ አያድነውም። የሞባይል ኔትወርክ የሚዋዥቀው ብዙ ሰው በአንድ ማማ ላይ ሲጨናነቅ ነው፤ ይህም በከተሞች በብዛት የምሽቱ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጀማሪ ጨዋታውን ሲሞክር በጠዋትም በማታም ቢሞክረውና ሁለቱን ቢያነጻጽር ጥሩ ነው። ከአንኮበር ገደል ሥር ወይም ከመርሐቤቴ ሸለቆዎች የሚጫወት ሰው ደግሞ ከማማው ጋር ያለው መተያየት ከስልኩ ጥራት ይልቅ እንደሚወስን ራሱ ያውቀዋል።

የዳታ ፍጆታን በተመለከተም የተሳሳተ ግምት አለ። ጨዋታው በሚካሄድበት ጊዜ የሚመላለሰው አጫጭር የቁጥር መልእክት ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት ኤምኤምኦ መጫወት በአብዛኛው አንድ ሰዓት ቪዲዮ ከማየት እጅግ ያነሰ ዳታ ይበላል። ጥቅል የሚያሟጥጠው መጫኑና ማሻሻያው ነው። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት 128 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ግን በመጠኑ ከተራ የስልክ መተግበሪያ ብዙም አይርቅም። ዋይፋይ ለሌለው ተማሪ የጨዋታው መጠን ከሥዕሉ ውበት በፊት መታየት አለበት፤ ትልቁን ፋይል በሌሊት ጥቅል ማውረድ፣ የስልኩን ራስ-ሰር ማሻሻያም ማጥፋት ወጪን በግልጽ ይቀንሳል።

መቋረጥና መዘጋት

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይታወሳል። ሰላምና ኑሮ በተናጋበት ጊዜ ስለ ጨዋታ ማንሣት ቀላል ነገር ማንሣት ሊመስል ይችላል። ሆኖም መቋረጡ የእነዚህ ጨዋታዎች ደንብ በማን ሕይወት እንደተለካ ያሳያል። ወርሃዊ ክፍያ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው፤ ተጫዋቹ ሳይገባ የከረመበት ወር አይመለስለትም። በፋይናል ፋንታሲ 14 ቤት የገዛ ተጫዋች ለ45 ቀናት ካልገባበት ቤቱ በራሱ ይፈርሳል። ኩባንያው በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝና በ2022 የዩክሬን ጦርነት ወቅት ይህን ደንብ ለጊዜው አቁሞት ነበር፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ደንበኛው ጥቂት ከሆነ አካባቢ የሚነሣ ችግር እንዲህ ያለ ትኩረት ያገኛል ብሎ ማቀድ አይቻልም። ስለዚህ ከዚህ የሚጫወት ሰው መቅረትን የማይቀጣ ጨዋታ ቢመርጥ ይሻለዋል። በኢቭ ኦንላይን ለምሳሌ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ተጫዋቹ በማይገባበት ጊዜም በሰዓት ቆጠራ ያድጋል፤ በኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ባንክ የተቀመጠ ዕቃ ተጫዋቹ ዓመት ቢቀርም አይነካም።

ለዘለቄታው የሚዘጋ ጨዋታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲቲ ኦቭ ሂሮስ በኖቬምበር 2012 ሲዘጋ ተጫዋቾቹ ለዓመታት በራሳቸው ጥረት ሊያስነሡት ሞከሩ፤ ሆምካሚንግ የተባለው የደጋፊዎች ሰርቨር ከባለመብቱ ፈቃድ ያገኘው በ2024 መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሰርቨር ዘጋ፤ ገዝተውት የነበሩ ሰዎች ብቻቸውን እንኳ መጫወት ሳይችሉ ቀሩ። ከዚህ የተነሣ ሮስ ስኮት የተባለ የቪዲዮ አዘጋጅ የጀመረው «ጌሞችን መግደል ይቁም» የተሰኘ ዘመቻ በጁላይ 2025 ለአውሮፓ ኅብረት ያዘጋጀውን የፊርማ ጥያቄ ከ1 ሚሊዮን በላይ አደረሰ።

የሁለቱም ወገን ክርክር ክብደት አለው። ዘመቻው የሚጠይቀው ኩባንያዎች አገልግሎቱን ለዘላለም እንዲሰጡ አይደለም፤ ሲያቆሙ ጨዋታው በሆነ መንገድ መሥራት እንዲችል አድርገው እንዲተዉት ነው። የኩባንያዎቹ ማኅበር ደግሞ የግል ሰርቨሮች የተጫዋቾችን ደኅንነትና መረጃ ሊጠብቁ እንደማይችሉ፣ ለኦንላይን ብቻ የተሠራን ጨዋታ ለሌላ አሳልፎ መስጠትም ወጪው ከባድ እንደሆነ ይከራከራል። በእኔ አመለካከት የኩባንያዎቹ ምክንያት ለኤምኤምኦ ከሌሎቹ ጨዋታዎች ይልቅ ይሠራል፤ ብዙ ሺህ ሰው የሚያስተናግድ ዓለም በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንደነበረ አይነሣም። ሲሸጥ ግን «ግዛ» ከሚል ቁልፍ ይልቅ የመጠቀም ፈቃድ መሆኑ በግልጽ እንዲነገር መጠየቅ ፍትሐዊ ነው፤ ካሊፎርኒያ በ2024 ይህንኑ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። በአውሮፓ አሠራር ደግሞ ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ የዜጎች ጥያቄ በይፋ ከቀረበለት በኋላ በ6 ወር ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሕግ የማውጣት ግዴታ ግን የለበትም።

ክፍያው በዶላር፣ ኪሱ በብር

ኤምኤምኦ ጨዋታዎች የሚተዳደሩት በሦስት ዓይነት ገቢ ነው፦ በወርሃዊ ክፍያ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ያለ ወርሃዊ ክፍያ በመጠቀም፣ እንዲሁም በነጻ መግቢያና በውስጥ ሱቅ። ብዙ ጨዋታዎች እነዚህን ያቀላቅላሉ። የወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ወርሃዊ ዋጋ በአሜሪካ ከ2004 ጀምሮ 14.99 ዶላር ነው። ዋጋው በዶላር ባይለወጥም፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 860 ብር ገደማ የነበረው በዓመቱ ከ1,900 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ማግኘት ራሱ ለተማሪና ለጀማሪ ሠራተኛ ሩቅ ነው።

ለዚህ ችግር ዘርፉ ራሱ የፈጠረው አንድ መውጫ አለ። መጀመሪያ ኢቭ ኦንላይን፣ በ2015 ደግሞ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕና ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የአባልነት ጊዜን በጨዋታው ገበያ የሚሸጥ ዕቃ አደረጉት። ዶላር ያለውና ጊዜ የሌለው ተጫዋች የአባልነት ወረቀቱን ከኩባንያው ይገዛል፤ ጊዜ ያለውና ዶላር የሌለው ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ሠርቶ ባገኘው ወርቅ ይገዛዋል። ግብይቱ በኩባንያው በኩል ስለሚያልፍ ሕጋዊና አስተማማኝ ነው። ሆኖም ነጻ አይደለም፤ ለጀማሪ የወር አባልነት የሚያወጣ ወርቅ መሰብሰብ ብዙ ሰዓት ይጠይቃል፤ ጨዋታውን ወደ ሥራ የመለወጥ ዝንባሌም አለው።

በቴሌግራም «በብር ከፍለህ ኮድ ውሰድ» የሚሉ ሻጮች የሚፈጥሩት አደጋ ከዚህ ይለያል። አንዳንዱ ኮድ የተሰረቀ ካርድ የተከፈለበት ሊሆን ይችላል፤ የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ኩባንያው አካውንቱን ይዘጋል፤ ቅጣቱ የሚያርፈውም በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው። በውስጥ ሱቅ የሚሸጠው የዕድል ሳጥን፣ ማለትም ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈልበት ሣጥን፣ ሌላው ወጥመድ ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከቁማር መድባዋለች፤ ብዙ አገሮች ግን ይህን አልተከተሉም። ገንዘብ ከፍሎ ጥንካሬ የሚገዛበት ጨዋታ በዶላር ለማይከፍል ሰው ፍትሐዊ ሜዳ አይደለም፤ ልብስና ጌጥ ብቻ የሚሸጠው ግን ያን ያህል አይጎዳውም።

«ጌም ገንዘብ ያመጣል» የሚለው ወሬ

ሐምስተር ኮምባት በሴፕቴምበር 2024 ሳንቲሙን ሲያከፋፍል ብዙዎች ከጠበቁት እጅግ ያነሰ አገኙ። ያ መጫወቻ ዓለም የለውም፤ ዋጋው የቆመው ወደፊት በሚሸጥ ሳንቲም ተስፋ ላይ ነው። በፊሊፒንስ ብዙ ሰው መተዳደሪያ ያደረገው አክሲ ኢንፊኒቲም በተመሳሳይ ተስፋ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚሰጠው ሳንቲም ዋጋ ወደቀ፣ በማርች 2022 ደግሞ የገንዘብ መረቡ ተሰብሮ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰረቀ።

ኤምኤምኦ የሚለየው ወርቁ በጨዋታው ውስጥ እንዲቀር ሆኖ መነደፉ ነው። ጭራቅ በተገደለ ቁጥር ሰርቨሩ አዲስ ወርቅ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ወርቁን የሚያጠፋ ነገር ከሌለ ዋጋ ይንራል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በ2021 በገበያው ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ግብር የጣለው፣ ከግብሩም በከፊል ዕቃዎችን ገዝቶ የሚያጠፋው ለዚህ ነው። ወርቅን በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ከላይ ከተጠቀሰው ሕጋዊ መንገድ ውጭ የተከለከለ ነው፤ የተያዘ አካውንት ይዘጋል።

የቬኔዙዌላ ዜጎች በኑሮ ውድነቱ ጊዜ የሩንስኬፕን ወርቅ እየሸጡ መተዳደራቸው እውነት ነው፤ «እኛስ?» የሚለውም ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ያ ሥራ ዋስትና የሌለው፣ ባለቤቱ በማንኛውም ቀን ሊዘጋው የሚችል፣ ዋጋውም ቦት በሚባሉ ያለ ሰው በሚሠሩ ፕሮግራሞች በየጊዜው የሚወርድ ነው። ለሥራ አጥ ወጣት እንደ መተዳደሪያ ማቅረቡ ተገቢ አይመስለኝም።

ጊዜና ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር «የጨዋታ መታወክ» የሚል ምድብ ይዟል። መስፈርቱ የሰዓት ብዛት አይደለም፤ ሰውየው መቆጣጠር ሲሳነው፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድምና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል፣ ይህም በተለምዶ ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። ምድቡን የተቃወሙ ምሁራንም ነበሩ፤ ማስረጃው ገና እንዳልበሰለና ድብርትን የመሰለ ሌላ ችግር በጨዋታ ስም ሊሸፈን እንደሚችል ይከራከራሉ። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በዓርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወስናለች።

ለወላጅ ከክልከላ ይልቅ የሚጠቅመው አሠራሩን ማወቅ ነው። ብዙ ጨዋታዎች በየቀኑ ለሚገባ ሰው ብቻ ሽልማት ይሰጣሉ፤ ያልገባው «ያመለጠው» እንዲመስለው ነው። ከባድ ፍልሚያዎች ደግሞ በቀጠሮ የሚካሄዱ የቡድን ሥራዎች ናቸው። የአውሮፓ ቡድኖች ምሽት 8 ሰዓት ብለው የሚይዙት ቀጠሮ በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ያልቃል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሦስት ሌሊት እንዲህ ካመሸ ጉዳቱን ለማየት የጤና መስፈርት አያስፈልግም። ቀጠሮ የሌላቸው፣ በማንኛውም ቅጽበት ሊቋረጡ የሚችሉ ሥራዎች ያሉባቸው ጨዋታዎች ለተማሪ የተሻሉ ናቸው። ጥቅም የለም ማለት ግን አይደለም፤ እዚህ የተጠቀሱት ጨዋታዎች በአማርኛ አይቀርቡም፣ ተልእኮዎቹንም አንብቦ መፈጸም በእንግሊዝኛ ማንበብን ይጠይቃል።

ለመጀመር ለወሰነ ሰው

ሪቻርድ ባርትል በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ደረጃና ንብረት የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን ማሰስ የሚወዱ፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚገቡና ሌሎችን ለማሸነፍ የሚገቡ። ክፍፍሉ ፍጹም አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ራሱን የሚጠይቅበት ጥሩ መነሻ ነው። ሌሎችን መግጠም የማይወድ ሰው አልቢየን ኦንላይን ውስጥ ወደ ቀይና ጥቁር ቀጠናዎች ቢገባ ይማረራል፤ እዚያ የሞተ ሰው የለበሰውንና የያዘውን ሁሉ ያጣል። ኔትወርክ ለሚቋረጥበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ጌም ቤት ለሚጫወት ሰው ደግሞ ይህ ደንብ በእጥፍ ይከብዳል። ሊያጣው የማይችለውን ዕቃ ይዞ ወደዚያ አለመውጣት የጨዋታው የመጀመሪያ ጥበብ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ነጻውን ክፍል መጨረስ ይቻላል። ፋይናል ፋንታሲ 14 በነጻ እስከ 70ኛ ሌቭል፣ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት እስከ 20ኛ ሌቭል ያስኬዳሉ፤ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የዓለሙን አንድ ክፍል ያለ ጊዜ ገደብ ይፈቅዳል፣ በስልክም ከ2018 ጀምሮ ይሠራል። ስልክ ብቻ ላለው ሰው ከዚህ ወይም ከአልቢየን መጀመር ተገቢ ነው፤ በሩንስኬፕ የብሪታንያን ወይም የጀርመንን ሰርቨር፣ በአልቢየን የአውሮፓውን መምረጥ አለበት።

የሙያ ምርጫ ሦስት መሠረታዊ ድርሻዎች አሉት፦ የጠላትን ምት ወደ ራሱ የሚስበው ታንክ፣ ወገኖቹን የሚፈውሰው ሂለርና ጉዳት አድራሹ። ታንክና ሂለር ስለሚፈለጉ ቡድን ቶሎ ያገኛሉ፤ ነገር ግን የእነርሱ ላግ አራትና ስምንት ሰው ይገድላል። ፒንጉ የሚዋዥቅበት ጀማሪ በጉዳት አድራሽነት ቢጀምር ለራሱም ለቡድኑም ይቀላል።

ጊልድ የሚባለው የተጫዋቾች ማኅበር ከማንኛውም የቪዲዮ ትምህርት የበለጠ ያስተምራል። አሠራሩ ከወንፈል ብዙም አይርቅም፤ ዛሬ ጀማሪውን ወደ ከባድ ዋሻ ያጀቡት አባላት በተራቸው ማዕድን ሲቆፍሩ ወይም ቦታ ሲጠብቁ እንዲያግዛቸው ይጠብቃሉ። መልካም ጊልድ የሚታወቀው ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኔትወርክ ሁኔታ የሚነገረውን ሲቀበል ነው። ሲገቡ ከኢትዮጵያ እንደሚጫወቱ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኙና ግንኙነቱ ሊቋረጥ እንደሚችል አስቀድሞ መናገር ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። የይለፍ ቃል፣ «ላጠናክርልህ» በሚል ሰበብ ገንዘብ ወይም ገና ሳይተዋወቁ ከባንክ የሚወጣ ዕቃ የሚጠይቅ ማኅበር ግን ወዲያውኑ የሚለቁት ነው።

የተጠቀለለ አካውንት፣ ማለትም ሌላ ሰው ያሳደገውን፣ መግዛት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ይሁንና የመጀመሪያው ባለቤት በተመዘገበበት ኢሜይል በማንኛውም ጊዜ ሊያስመልሰው ይችላል፣ ገዢውም አቤት የሚልበት ቦታ የለም። የራስን አካውንት በራስ ኢሜይል ከፍቶ፣ ይለፍ ቃሉን ከቴሌግራምና ከኢሜይሉ የተለየ አድርጎ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በስልክ መጨመር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በጌም ቤት ወይም በተማሪዎች ማደሪያ በጋራ ኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ደግሞ «አስታውሰኝ» የሚለውን ምልክት ሳያደርግ መግባት፣ ሲነሣም መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ ከአካውንቱ መውጣቱን ማረጋገጥ አለበት፤ መብራት በድንገት ከጠፋበትም ወደ ቤት ሲደርስ በስልኩ ገብቶ ሌሎቹን መሣሪያዎች በሙሉ ከአካውንቱ ማስወጣት ይችላል።